«ሴት የማህፀን ሐኪም ጠቁሙኝ» ላለችው የመንዝ እናት

ደብዳቤው ረዘም ያለ ነበር። ላኪዋ እንዳትታወቅ ጥቂት ነገር ቀይሬና አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።

«እትዬ፣ ሰላምዎ ይብዛ። የምጽፍልዎ ከመሐል ሜዳ አካባቢ ነው። 37 ዓመቴ ነው፤ ሦስት ልጆች አሉኝ። ካለፈው ዓመት ወዲህ የወር አበባዬ አልቆም ብሎኝ ተቸግሬያለሁ። በሚካኤል ከጀመረኝ ማርያም ሲመጣም አያባራም። የረጋ ደም ይወርደኛል። አቀበት ስወጣ ልቤ ይመታል፣ ዓይኔ ይጨልማል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገብቼ ካስቀደስኩማ ስንት ጊዜዬ! አንድ የግል ክሊኒክ ሄጄ በአልትራሳውንድ አዩኝና ‹ዕጢ አለሽ፣ ማህፀንሽ መውጣት አለበት› አሉኝ። ሌላ ምንም አልነገሩኝም። ያየኝ ሰው ስፔሻሊስት ይሁን አይሁን እንኳ አላወቅሁም። እኔ ደግሞ ወንድ ፊት ገላዬን መግለጥ ሞት ነው የሚመስለኝ። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ‹ጻድቃኔ ማርያም ሄደሽ ተጠመቂ፣ ገንዘቡም ይቆጠባል› ይለኛል። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ደግሞ ‹ነይና ትልቅ ሐኪም ጋ ላስገባሽ› ትላለች። እባክዎ አንዲት ጥሩ ሴት የማህፀን ሐኪም ይጠቁሙኝ። ደግሞም ትልቋ ልጄ 14 ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤት የማህፀን በር ካንሰር ክትባት ሊከትቧት ነው። ጎረቤቴ ‹ያመክናታል› ስላለችኝ ፈርቻለሁ።»

እህቴ፣ ስለ ሐኪሟ ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። አቀበት ስትወጪ ልብሽ የሚመታው፣ ዓይንሽም የሚጨልመው ደምሽ አንሶ ሊሆን ይችላል። ዓመት ሙሉ በየወሩ አሥር ቀን ደም የሚፈሳት ሴት ደም ቢያንሳት አይገርምም። ይህ ደግሞ ጥሩ ሐኪም እስኪገኝ የሚጠብቅ ነገር አይደለም። የደም ማነስ ምርመራ በቅርብሽ ባለው ጤና ጣቢያ ይሠራል። በዚህ ሳምንት ሂጂና ሄሞግሎቢንሽ ይለካ። የእርግዝና ምርመራም ይሠሩልሽ። «ደም እየፈሰሰኝ እንዴት አረግዛለሁ» ብለሽ አትለፊው፤ ሊያስወርድ የደረሰ እርግዝናም የወር አበባ መስሎ ይፈሳል።

የአይረን ኪኒን ከሰጡሽ ዋጪው። ሰገራሽን ቢያጠቁረው አትደንግጪ፣ ጠባዩ ነው። ከቡናና ከሻይ ጋር ግን አይሆንም፤ ሁለቱም አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል። ቡናው ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ። ሎሚ ወይም ብርቱካን ካገኘሽ ከሱ ጋር ውሰጂው።

ደሙ በድንገት ከበረታ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ሞዴስ ወይም አንድ ወፍራም ጨርቅ በአንድ ሰዓት ውስጥ እየራሰ ሁለት ሰዓት ከቀጠለ፣ ወይም ከተቀመጥሽበት ስትነሺ ራስሽን ከሳትሽ፣ እስኪነጋ አትጠብቂ። በዚያው ሌሊት ሆስፒታል መድረስ አለብሽ። የወረዳችሁን አምቡላንስ ስልክ ከቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ዛሬውኑ ተቀበዪና ባለቤትሽም በስልኩ ይያዘው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አንድ ስም እንድሰጥሽ ጠይቀሽኛል። አልሰጥሽም፤ ቅር እንዳይልሽ። ሐኪሞች ይዛወራሉ፣ ለትምህርት ይሄዳሉ፣ ሥራ ይቀይራሉ። በስም ብልክሽና ደብረ ብርሃን ደርሰሽ «እሷ እኮ ለቃለች» ቢሉሽ፣ አንቺን አውቅሻለሁ፣ ምክንያት አገኘሁ ብለሽ በዚያው ትመለሻለሽ። መሄጃውን ካወቅሽው ግን ማንም ይኑር ማን ትደርሺበታለሽ።

የምትፈልጊው ባለሙያ «የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት» ይባላል። እርግዝናና ወሊዱም፣ እርግዝና የሌለበት የማህፀን ሕመምም የእሱ ሥራ ነው። «እኔ አላረገዝኩ፣ ወሊድ ክፍል ምን ልሠራ» የሚሉ ብዙ ሴቶች አሉ፤ በዚህ አትሳቺ። ስፔሻሊስቱ ጠቅላላ ሕክምና ተምሮ ከጨረሰ በኋላ በዚህ ሙያ ብቻ አራት ዓመት የተማረ ሰው ነው። በየከተሞቻችን ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር» እንላለን። ጤና መኮንኑም ዶክተር ነው፣ አልትራሳውንድ የሚያነሳውም ዶክተር ነው። ሰው ለማክበር ስንል ነው፤ ግን ማን ምን እንደሆነ ሳናውቅ እንወጣለን። አንቺም የሆንሽው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ስትገቢ በትሕትና ጠይቂ፤ «ይቅርታ ዶክተር፣ እርስዎ የማህፀን ስፔሻሊስት ነዎት?» ማለት ነውር የለውም። እውነተኛው ስፔሻሊስት አይከፋውም። የግል ክሊኒክ ከሆነ የሙያ ፈቃዱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ መታየት አለበት። ማንበብ ከከበደሽ ትልቋ ልጅሽ ታንብብልሽ።

መንገዱ እንዲህ ነው። ከጤና ጣቢያው ትጀምሪያለሽ። እዚያ አዋላጅ ነርስ አለች፤ ብዙ ጊዜም ሴት ናት። መሐል ሜዳም ሆስፒታል አለ። በእንዲህ ያሉ የወረዳ ሆስፒታሎች የሚያዩሽ አብዛኛውን ጊዜ ጠቅላላ ሐኪም ወይም የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ናቸው፤ በየወረዳው እናቶችን በቀዶ ሕክምና የሚያዋልዱትና ስንቱን ሕይወት ያተረፉት እነሱ ናቸው። ላንቺ ጉዳይ ግን ስፔሻሊስት ያስፈልግሻል። ስፔሻሊስት በቦታው መኖር አለመኖሩን ካርድ ክፍል ጠይቂ። ከሌለ ሪፈር፣ ማለትም ወደ ትልቁ ሆስፒታል መላኪያ ወረቀት፣ ይጽፉልሽና ደብረ ብርሃን ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ትሄጃለሽ።

የሪፈር ወረቀቷን አትናቂያት። ጤና መድህን ካላችሁ በሱ የምትታከሚው ከታች ተልከሽ ስትመጪ ነው። ጤና ጣቢያውን ዘለሽ በቀጥታ ትልቁ ሆስፒታል ብትሄጂ ከኪስሽ ትከፍያለሽ። የመድህን ደብተራችሁ የዘንድሮ መታደሱን እዪ፤ ወረዳችሁ ውል ያለው ከየትኛው ሆስፒታል ጋር እንደሆነም ጠይቂ። ባለቤትሽ ስለ ገንዘብ ሲያነሳ የምትመልሺለትም ይህንኑ ነው። እርግዝና ቢሆን ኖሮ ክትትሉም ወሊዱም በመንግሥት ተቋም በነፃ ነው፤ ያንቺው ግን መድህኑ ካልሸፈነው ክፍያ አለው።

ከመነሳትሽ በፊት ስልክ ደውሉ፤ መንገዱ ክፍት መሆኑንም አጣሩ። ከመሐል ሜዳ በሞላሌና በመዘዞ አድርገሽ፣ ጣርማበር ወጥተሽ ደብረ ብርሃን እስክትደርሺ ተራው ሊያልፍ ይችላል። ዘመድ ካለሽ አንድ ቀን ቀድመሽ ገብተሽ እደሪና ጠዋት በጊዜ ካርድ አውጪ። ብርዱን ታውቂዋለሽ፤ ጋቢሽን አትርሺ። ደም ያነሰው ሰው ብርድ ይብስበታል።

ይዘሽ የምትሄጂው ምን መሰለሽ? ያ ክሊኒክ የሰጠሽን የአልትራሳውንድ ወረቀት፣ የምትወስጂውን መድኃኒት ከነካርቶኑ፣ የወሊድ መከላከያ ተጠቅመሽ እንደሆነ ደግሞ ምን እንደሆነና መቼ እንደጀመርሽ። ይህ የመጨረሻው ትልቅ ነገር ነው። የሦስት ወሩ መርፌም፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውም የደሙን ሥርዓት ያዛባሉ። ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሆርሞን የሌለው ሉፕ ደግሞ ደሙን ሊያበዛው ይችላል። መርፌ የምትወጊው ከባለቤትሽ ተደብቀሽ ቢሆን እንኳ ለሐኪሙ ተናገሪ። እንዳይነግርብሽ ሙያው ያስገድደዋል።

በሚካኤል ጀምሮ ማርያም ላይም አያባራም ያልሽው ደስ አሰኝቶኛል። ብዙ ሴት «ስንት ቀን ይቆያል?» ስትባል «እንጃ፣ ብዙ ነው» ብላ ዝም ትላለች። ያንቺ ቁጥር ግን ቁርጥ ያለ ነው። ከ12 እስከ 21 ሲቆጠር አሥር ቀን ይሆናል። ከ7 ቀን የበለጠ ደም ምርመራ ይፈልጋል። ያለፉትን ሦስት አራት ወራት እንዲሁ በበዓላቱ እያስታወስሽ ደብተር ላይ አስጽፊ፤ በስንት ተጀመረ፣ በስንት አባራ፣ የረጋ ደም የወረደው በየትኛው ቀን ነው፣ በቀን ስንት ጊዜ ቀየርሽ። ሐኪሙ ከሚጠይቅሽ ግማሹ ይኸው ነው። ፊቱ ቀርበሽ ከማፈርሽ የተነሳ ቃል ቢጠፋብሽ ደብተሩን ትሰጪዋለሽ።

አሁን ወደ ዕፍረቱ እንምጣ። የከበደሽ እሱ እንደሆነ ከደብዳቤሽ ያስታውቃል፤ እኔም በዕፍረትሽ አልፈርድም። እንዲህ ተደርገን ነው ያደግነው። ግን እውነቱን ልንገርሽ። በአገራችን የማህፀን ስፔሻሊስቶች አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ሴቶቹ እየበዙ ነው፤ በሄድሽበት ቀን ግን ሴት ላትገኝ ትችላለች። ካርድ ስታወጪ «ሴት ሐኪም የምትገባበት ቀን መቼ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ካለች በዚያ ቀን ተቀጠሪ። ከሌለች ግን ሴት እስክትገኝ ብለሽ ወር እንዳትጠብቂ፣ አደራ! አዋላጇ ክፍሉ ውስጥ ከጎንሽ እንድትቆም ጠይቂ፤ ይህን መጠየቅ መብትሽ ነው። ሆስፒታሉ ማስተማሪያ ስለሆነ ተማሪ ሐኪሞች አብረው ሊገቡ ይችላሉ። ብዙ ሰው እንዲያይሽ ካልፈለግሽ «እባካችሁ ሰው ቀንሱልኝ» ማለት ይቻላል። እነሱም የሚማሩት በፈቃድሽ ነው።

ምርመራው ራሱ ምን እንደሚመስል ማንም ነግሮሽ አያውቅ ይሆናል። ሰፊ ቀሚስ ለብሰሽ ሂጂ። ሰፊ ከሆነ ከፍ ታደርጊዋለሽ እንጂ ሁሉን አውልቀሽ ራቁትሽን አትሆኚም። ከወገብሽ በታች ጨርቅ ይደረብልሻል። አልጋው ላይ በጀርባሽ ትተኛለሽ፣ ጉልበትሽን ታጥፊያለሽ። ሐኪሙ ጓንት ያጠልቅና ስፔኩለም የሚሉትን መሣሪያ ያስገባል፤ የማህፀን በርን የሚያየው በእሱ ነው። ቀዝቀዝ ይላል፣ ይጫናል፣ ሲጨናነቁ ደግሞ ያማል። በአፍሽ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ፣ መቀመጫሽን ወደ አልጋው ልቀቂው። ከዚያ በአንድ እጁ ከውስጥ፣ በሌላው ከሆድሽ ላይ ዳስሶ የማህፀንሽን መጠን ያያል። ነገሩ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ካመመሽ «ቆይ» በዪ፤ ማቆም አለበት። ከዚህ በፊት ሽንትሽን ሽኚ፤ በሆድ በኩል ለሚነሳው አልትራሳውንድ ግን በተቃራኒው ፊኛሽ እንዲሞላ ውኃ ጠጪ ሊሉሽ ይችላሉ። ፀጉር መላጨት አያስፈልግም፣ ውስጥሽንም በሳሙና አትታጠቢ።

እዚያው እያለሽ የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራም ይሠራልሽ ብለሽ ጠይቂ። በአገራችን ምርመራው ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ይመከራል፤ አንቺ መሃሉ ላይ ነሽ። ኮምጣጤ የመሰለ ፈሳሽ የማህፀን በር ላይ ይቀባል፤ ጤናማ ያልሆነ ቦታ ካለ ይነጣል። እዚያው ይታያል። ገና ካንሰር ሳይሆን ከተደረሰበት በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ይታከማል። ደም በማይፈስሽ ቀን ቢሆን ይሻላል። ካላቋረጠሽ ግን ደሙ አላባራም ብለሽ አትቅሪ፣ ሐኪሙ ያውቅበታል።

«ማህፀንሽ ይውጣ» ያሉሽን በተመለከተ ቆይ እልሻለሁ። ልክ ናቸው ወይም ተሳስተዋል ልልሽ አልችልም፤ በሩቅ ሆኜ በሽታ አልናገርም። ግን አንድ አልትራሳውንድ ብቻ አይተው፣ ደምሽን ሳይለኩ፣ «ሌላ ልጅ ትፈልጊያለሽ?» ብለው ሳይጠይቁ የተናገሩት ውሳኔ ሌላ ሐኪም ሳያየው መፈጸም የለበትም። ማዮማ ወይም ፋይብሮይድ የሚሉት ዕጢ በብዛት የሚታይ ነገር ነው፤ ካንሰር አይደለም። ከምስር ፍሬ ጀምሮ ሆድ ገፍቶ እርጉዝ እስከሚያስመስል ይደርሳል። ብዙ ሴት ይዛው ትኖራለች፣ ሳይሰማትም ታረጃለች። የሚያደማው በተለይ ወደ ማህፀን ውስጠኛ ክፍል ገባ ያለው ነው። ደግሞም ዕጢ ተገኘ ማለት የደሙ ምክንያት የግድ እሱ ነው ማለት አይደለም። እንቅርት የሚወጣበት የአንገት ዕጢ ሥራው ሲዛባም፣ ማህፀን ውስጥ ሥጋ ሲበቅልም፣ በሌላም ነገር የወር አበባ ይበዛል።

ሕክምናውም ብዙ ዓይነት ነው። በደም ቀናት የሚዋጡ ደም የሚቀንሱ ኪኒኖች አሉ። ሆርሞን ያለባቸው ኪኒኖች አሉ። ሆርሞን ያለው ሉፕ አለ፤ ሁሉም ቦታ ባይገኝም ደሙን በጣም ይቀንሰዋል። ማህፀኑን ትቶ ዕጢውን ብቻ የሚያወጣ ኦፕራሲዮንም አለ። ማህፀን ማውጣት ከነዚህ አንዱ ነው፤ አንዳንዴም ትክክለኛው እሱ ይሆናል። የዕጢው ብዛትና ቦታ፣ የደምሽ ማነስ፣ ሌላ ልጅ መፈለግሽ ወይም አለመፈለግሽ ይወስነዋል።

ስለዚህ ስፔሻሊስቱ ፊት ስትቀርቢ ይህን ጠይቂ። ዕጢው የት ነው፣ ስንት ነው፣ መጠኑስ? ሌላ መድኃኒት ተሞክሮ ሊታይ አይችልም? ኦፕራሲዮን ከሆነ የሚወጣው ማህፀኑ ብቻ ነው ወይስ የእንቁላል ማምረቻዎቹም ጭምር? በዚህ በመጨረሻው ላይ ጠንከር በዪ። እነሱ ጤነኛ ሆነው ከቀሩ ያለ ዕድሜሽ በአንዴ የወር አበባ ማቆሚያ ሙቀትና ላብ ውስጥ አትገቢም። ማህፀን ስለወጣ ብቻ ሴትነት አይጠፋም፣ ከባል ጋር መተኛት አይቀርም። የሚቀረው ማርገዝና የወር አበባ ነው። ከሰውነትሽ የሚወጣው ነገር ለፓቶሎጂ፣ ማለትም ካንሰር ይኑርበት አይኑርበት በላቦራቶሪ ለሚታይበት ምርመራ፣ ይላክ እንደሆነም ጠይቂ፤ ውጤቱንም ተቀበዪ። ደም የሚሰጥ ዘመድ አምጪ ሊሉሽም ይችላሉ፣ ቀድማችሁ ተመካከሩ።

ጥሩ ሐኪም እንዴት ይታወቃል ብትዪኝ፣ እኔ የማየው ይህንን ነው። አልጋው ላይ ውጪ ከማለቱ በፊት ታሪክሽን ይሰማል። ወረቀት ላይ አቀርቅሮ ሳይሆን ፊትሽን እያየ ይጠይቅሻል። ሊያደርግ ያለውን ቀድሞ ይነግርሻል። ስትጠይቂ አይቆጣም። ውሳኔውን ከነምክንያቱ በወረቀት ይጽፍልሻል። «ሌላ ሐኪም ላሳይ» ብትዪው አይከፋም። ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ሊቸኩል ይችላል፤ ይህን ተረጂለት። ቢቸኩልም ግን ከነዚህ ዋና ዋናዎቹን የማያደርግ ሐኪም ኦፕራሲዮን ሊያደርግሽ አይገባም።

የመንግሥቱ ቀጠሮ ከራቀብሽ የግል ክሊኒክም ደብረ ብርሃን አለ። ብዙዎቹ ስፔሻሊስቶች ቀን በመንግሥት ሆስፒታል፣ ማታና ቅዳሜ በግል ይሠራሉ። ማታ በገንዘብሽ ያየሽው ሐኪም ቀን በሆስፒታሉ የምታገኚው ራሱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የግሉ ሁልጊዜ የተሻለ ነው አትበዪ። የግሉን ለመታየት ተጠቀሚበት፤ ኦፕራሲዮን ከታዘዘ ግን ደምና ማደንዘዣ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍልም በቅርብ ባለበት ሆስፒታል ቢሆን እመርጥልሻለሁ።

እህትሽ ስለ አዲስ አበባ ያለችው ከፍቅር ነው። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ያን ያህል ሩቅም አይደለም። ግን ለመጀመሪያው ምርመራ አያስፈልግሽም። ያለ ሪፈር ሄደሽ ስትንከራተቺ ገንዘብሽ ያልቃል፣ ደምሽም ይፈሳል። ደብረ ብርሃን ያሉት «ይህ ከኛ በላይ ነው» ካሉ ራሳቸው ይልኩሻል። ካንሰር ከተጠረጠረ፣ የጨረር ሕክምና ካስፈለገ፣ ወደ ጥቁር አንበሳ ይልካሉ። ይህን ለምታነቡ ሌሎች እህቶችም ልጨምር። ልጅ ለመውለድ ለተቸገሩ ጳውሎስ ሆስፒታል የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለው። በምጥ ተጎድተው ሽንት የሚያመልጣቸው እናቶች ደግሞ አዲስ አበባ ያለው ሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል በነፃ ያክማቸዋል። ቤት ዘግታችሁ የተቀመጣችሁ ካላችሁ፣ ለጤና ኤክስቴንሽኗ ንገሯት፤ ትልካችኋለች።

ባለቤትሽን ደግሞ አትጣዪው። ጻድቃኔ ማርያም ሂጂ ያለው ስለሚያምን ነው፤ አንቺም ታምኛለሽ። ጠበሉንና ሐኪሙን አታጣሉ። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤችአይቪ መድኃኒት ከጠበል ጋር አብሮ ሊወሰድ እንደሚችል በአደባባይ ተናግረዋል። የነፍስ አባታችሁን ቤት ጥሪያቸውና ባለቤትሽ ባለበት ንገሪያቸው፤ ሕመሙን በዝርዝር ባትናገሪም «ደሜ እየፈሰሰ ነው፣ ሐኪም ልታይ» በያቸው። የሳቸው ቃል ካንቺም ከኔም ይበልጥ ይሰማዋል። አሁን ባለሽበት ሁኔታ ግን ሱባኤ ገብተሽ፣ በባዶ ሆድ ጠበል እየጠጣሽ፣ በብርድ ቆመሽ መሰንበቱን አልመክርሽም። ደም ያነሳት ሴት ትወድቃለች። መጀመሪያ ታከሚ፣ ስትበረቺ ሂጂ። ጾሙንም ቢሆን እሳቸውን አማክሪ፤ ለታመመ ሰው የሚሉት አያጡም።

ሆስፒታል ስትሄጂ ባለቤትሽን ይዘሽው ሂጂ። ደጅ ይቀመጥ፣ ከፈለግሽ ለውይይቱ ይግባ። ሐኪሙ ሲናገር በጆሮው ከሰማ ቤት ገብተሽ የምታስረጂው ነገር አይኖርሽም። ውሳኔው ግን ያንቺ ነው፣ ፊርማውም ያንቺ።

ስለ ልጅሽ አጭር ነው መልሴ፤ አስከትቢያት። ክትባቱ ኤችፒቪ የሚባለውን፣ የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ ይከላከላል። በኢትዮጵያ 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ልጃገረዶች ወስደውታል፤ አያመክንም። በልጅነት የሚሰጠው ከወንድ ጋር ከመገናኘቷ በፊት ሲሆን በደንብ ስለሚሠራ ነው። ይህን ማለት ደግሞ ልጅሽን ማባለግ አይደለም። ክንዷን ጥቂት ሊያማት፣ ትንሽ ሊያተኩሳት ይችላል፤ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃታል። ቁርስ በልታ ትሂድ፣ የሚሰጧትንም ካርድ ካንቺ ወረቀቶች ጋር አስቀምጪላት።